ሰው በላው ፈረስና የጆርጅ ስም

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። የዚህን ብሂል እውነትነት በገዛ ሕይወታቸው ካዩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቀልደኛ ጆርጅ ፎርምቢ ነው።

ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1904 በዊጋን ከተማ ተወለደ። ጆርጅ ፎርምቢ የሚለው ስም አስቀድሞ የአባቱ የመድረክ መጠሪያ ነበር። አባትየው በዘመኑ ስመ ጥር ቀልደኛ ሲሆን፣ የሳንባ ነቀርሳ እያሠቃየው፣ ሳሉን ሳይቀር ለታዳሚው መሳቂያ አድርጎ ይኖር ነበር። በሳል የተገዛውን ይህን እንጀራ ግን ለልጁ አልተመኘለትም። ስለዚህ ትንሹን ጆርጅ ገና በ7 ዓመቱ ፈረስ ጋላቢነት እንዲማር ወደ ጋጣ ሰደደው።

ልጁ በ10 ዓመቱ ለውድድር ተሰለፈ። በ1915 ስለ ፈረስ እሽቅድምድም በተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ላይም ታየ፤ ያ ፊልም ዛሬ ጠፍቷል። በእውነተኛው ሜዳ ግን ዓመታት ቢጋልብም አንድም ጊዜ ማሸነፍ አልሆነለትም። በ1921 አባቱ ሲሞት፣ የ16 ዓመቱ ጆርጅ ኮርቻውን ትቶ የአባቱን ቀልዶች ይዞ መድረክ ወጣ። የወጣውም በእናቱ ቤተሰብ ስም ነበር፤ የአባቱን ስም ለመሸከም የደፈረው ዘግይቶ ነው።

በ1939 አንቶኒ ኪሚንስ ያዘጋጀው «ካም ኦን ጆርጅ»፣ በእኛ አነጋገር «በርታ ጆርጅ»፣ የተሰኘው አስቂኝ ፊልም ወደ ፈረሱ መለሰው። በፊልሙ ውስጥ ጆርጅ ጋላቢ መሆን የሚመኝ የዋህ ወጣት ነው። ሁሉም የሚሸሸውን «ማንኢተር»፣ ማለትም «ሰው በላ»፣ የተባለውን ፈረስ ይወዳጃል። ዝናውን አያውቅምና አይፈራውም፤ ፈረሱም በእጁ ጠቦት ይሆናል። ማንነቱን በሰማ ጊዜ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ፈረሱ ያው ትናንት የነበረው ፈረስ ነው፤ በመካከላቸው የገባው ስሙ ብቻ ነው።

ተመልካች በዚህ ይስቃል፤ የተዋናዩን ታሪክ የሚያውቅ ግን ከሳቁ በኋላ ዝም ይላል። ከባለቤቱ ቀድሞ የሚደርስ ስም ምን ያህል እንደሚከብድ ከጆርጅ የተሻለ ማን ያውቃል? አባቱ የሸሸገውን ሙያ በአባቱ ስም የያዘ ልጅ፣ በየመድረኩ ከአንድ ሙት ጋር ሲወዳደር የኖረ ሰው ነው። በፊልሙ ፍጻሜ ፍርሃቱን ድል ነሥቶ ያሸንፋል፤ በልጅነቱ የተነፈገውን ድል በ35 ዓመቱ፣ በቀልድ መልክ አገኘው።

በዚያው ዓመት አገሩ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። ጆርጅም ትንሿን ባለ ክር መሣሪያውን ይዞ ወታደሮችን ሊያጫውት ዘመተ። በ1961 ሲሞት «ጆርጅ ፎርምቢ» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው አባትየውን ሳይሆን እርሱን ነበር።

ፈረሱ አደረሰው፤ የተዋጋው ግን ራሱ ነው።