ግድግዳው የማን ነው?

አባቴ ሲያርፍ ከሣጥኑ ውስጥ ሦስት ወረቀቶች አገኘን። አንደኛው የግብር ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው የእኔ የ8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በ1960 ዓ.ም. «ለትምህርት ቤት ማሠሪያ» አምስት ብር የከፈለበት ደረሰኝ ነው። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ይሁንና ሦስቱንም በአንድ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ውርስ አኑሯቸዋል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ሦስተኛዋ ወረቀት ናት።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መንግሥት ለመምህሩ ደመወዝ ይከፍላል እንበል። መምህሩ የሚያስተምርበትን ግድግዳ ማን ያቆማል? ያቆመውስ ሰው በግድግዳው ላይ ምን መብት ይኖረዋል?

እኔ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነኝ። የጥንት ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ ይጠራበታል። በልጅነቴ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጣቢያ ከተከሉባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ናት። የካቶሊክ ካፑቺኖችም በከምባታና በሐዲያ መንደሮች ሠርተዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ አገሩን ለሚስዮናውያን «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ከፈለ፤ የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ያልተጻፈ ስምምነት ነበረበት፤ ቤቱን እናንተ ሥሩ፣ ሥርዓቱን እኛ እንወስናለን የሚል።

ቀጥሎ የመጣው ግብር ነው። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም ለየጠቅላይ ግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን እንደ እኛ ባለ አገር መሬቱ የባለርስት፣ እርሻው የጭሰኛ ነው። ባለርስቱ የተጣለበትን ግብር ወደ ጭሰኛው ትከሻ ማሻገር ያውቅበት ነበር። ት/ቤቱ ደግሞ በአብዛኛው የሚከፈተው ከከተማ ነው። ግብሩ ከገጠር ይወጣል፣ ደወሉ ከተማ ይደወላል። ገበሬው የሌላውን ልጅ ካስተማረ በኋላ የራሱን ለማስተማር እንደ ገና ኪሱን መዳበስ ግድ ሆነበት።

ወደ አባቴ ደረሰኝ የሚያደርሰን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤቶችን የሚያሠራ ክፍል ተቋቋመ። አሠራሩ ግማሽ በግማሽ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ የወጪውን ግማሽ ያህል ካዋጣ፣ ቀሪው ከርዳታው ይሸፈናል። የእኛም መንደር ሽማግሌዎች ይህን ሰምተው ኮሚቴ አቋቋሙ። በነፍስ ወከፍ አምስት ብር፣ ሃያ አጠናና የሦስት ቀን ጉልበት ተመደበ። አባቴ አጠናውን በትከሻው ሲያመላልስ፣ እናቴ ለድንጋይ ቆፋሪዎቹ ቆጮና ጎመን ስትወስድ አስታውሳለሁ። ብር ያልነበራት አንዲት ባልቴት በአምስቱ ብር ፈንታ ሁለት ሳምንት ውሃ ቀዳች። የቆርቆሮው ክዳን ከሩቅ ሲያብለጨልጭ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አየው።

ሆኖም የዚያን ጊዜ ያላየሁትን ዛሬ አያለሁ። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ከእኛም የባሰ ደሃ ስለነበር ግማሹን ማዋጣት አልቻለም። ስለዚህ የሌላውን ግማሽ አጣ። ልጆቹ ወንዙን እየተሻገሩ ወደ እኛ ይመጡ ነበር፤ ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ይቀራሉ። ከመካከላቸው በዚያው የቀሩ አሉ። ላለው የሚጨምር፣ የሌለውን የሚያልፍ ርዳታ ማለት ይህ ነው።

ይህ የግማሽ በግማሽ አሠራር በእኛ አገር አልተጀመረም። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1833 ለመጀመሪያ ጊዜ ለትምህርት ገንዘብ ሲመድብ 20,000 ፓውንድ ለት/ቤት ሕንፃ ብቻ ሰጠ። ገንዘቡ ያለፈው በሁለት የሃይማኖት ሰዎች ማኅበራት እጅ ሲሆን፣ የወጪው ግማሽ በመዋጮ እንዲሸፈን ግዴታ ነበረበት። እዚያም የተጠቀመው ግማሹን መሰብሰብ የቻለው ሰፈር ነበር። የደሃ ሰፈር ልጅ ጠበቀ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 54 የግል ት/ቤቶችን ከባለቤቶቻቸው ወሰደ። በወላጆች ኮሚቴ የሚመሩ፣ ክፍያም የሚያስከፍሉ «የሕዝብ» የሚባሉ ት/ቤቶች ከዚያ ተወለዱ። በዓመቱ በወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ደግሞ የመንግሥትን ት/ቤቶች ሕዝቡ እንዲያስተዳድርና እንዲቆጣጠር ተደነገገ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም።

በሥራ ላይ የሆነውን ግን ልንገራችሁ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ እነአባቴ ካቆሟቸው ክፍሎች ሁለቱ ለአንድ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት ቤትነት ተወሰዱ፤ ተማሪዎቹም በፈረቃ ተማሩ። አባቴ ደረሰኙን ይዞ ሄደ። ሹሙ በትሕትና ተቀበለው።

«አባታችን፣ ቤቱ እኮ የመንግሥት ነው» አለው።

«የመንግሥት ከሆነማ እኔም ግማሽ መንግሥት ነኝ» አለ አባቴ።

ሹሙ ሳቀ። ደረሰኙንም በሁለት እጁ መልሶ፣ «ይህንን ያስቀምጡት አባታችን፣ ለታሪክ ይሆናል» ብሎ ሸኘው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ያዋጣው ሰው ምን መብት እንዳለው የሚናገር አንድ መስመር በየትኛውም መዝገብ ስላልነበረ ሊመልስለት የሚችለው ሌላ ነገር አልነበረውም። መሬቱ የባለርስቱ ነበር፣ ኋላም የሕዝብ ሆነ። ሕንፃው የመንግሥት ሆነ። አባቴ በዚያ ት/ቤት ላይ የእኔ የሚለው ነገር ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች።

ይህ የደሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የሚኔሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1991 «ቻርተር» የተባሉ ት/ቤቶችን የሚፈቅድ የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች። እነዚህ ት/ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ፣ ነገር ግን በራሳቸው ቦርድ የሚመሩ ናቸው። ገንዘቡ በተማሪው ቁጥር ልክ ይመጣል፤ ለሕንፃ ግን በብዙ ቦታ የተለየ በጀት አልተያዘላቸውም። በመሆኑም የቤተ ክርስቲያን አዳራሽና የተዘጋ መጋዘን እየተከራዩ አስተማሩ። ሚኔሶታ ኋላ ላይ ለኪራዩ ድጎማ ሰጠች። ሌላ ክርክር ግን ተከተለ፤ ት/ቤቱ ቢዘጋ በሕዝብ ገንዘብ የቆመው ሕንፃ ለማን ይቀራል? አባቴ በአንድ ደረሰኝ የጠየቀውን እነሱ በጠበቃ ይጠይቃሉ።

ዛሬ ጥያቄው እንደ አዲስ ደጃችን ላይ ቆሟል። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በዚያው ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ ት/ቤቶችን በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት እንዲያድስና እንዲሠራ ጠራ። ከዱራሜ እስከ ሾኔ ያለው ገበሬና ነጋዴ ለእንዲህ ያለ ጥሪ ባዕድ አይደለም። አባቶቹ አጠና ተሸክመዋል።

በበኩሌ መዋጮን አልነቅፍም። ሰው ያቆመውን ግድግዳ ይጠብቃል። ይሁንና ከአባቴ ሣጥን የተማርኩት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሕዝቡን መዋጮ ሳይጠብቅ ቀድሞ መድረስ ያለበት ማዋጣት ለማይችለው መንደር ነው፤ ያለበለዚያ ወንዝ ማዶ ያለው ልጅ ዘላለም ክረምት በገባ ቁጥር ይቀራል። ሁለተኛ፣ ያዋጣ ሰው ከደረሰኝ ሌላ ውል ይገባዋል። የማን አጠና፣ የማን ብር፣ የማን ጉልበት እንደገባ በት/ቤቱ መዝገብ ይጻፍ፤ ክፍሉም ያቆሙት ሰዎች ተሰብስበው ሳይመክሩ ለሌላ ሥራ አይዋል።

ደረሰኙን አሁን እኔ ይዤዋለሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ «ለትምህርት ቤት ማሠሪያ» የሚለው ግን ይነበባል። የልጅ ልጁ ባለፈው ሰሞን አንብባልኝ፣ «አያቴ ት/ቤት ነበራቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ግማሽ ነበራቸው አልኳት።