ከአያት በር የወጣ ቤዝ

በእኛ በእንጅባራ «ፒክአፕ ልገዛ ነው» የሚል ሰው ቢገኝ፣ ሰሚው ሁሉ የሚያስበው ድንችና ከሰል የምትጭነውን፣ ጀርባዋ ክፍት የሆነችውን መኪና ነው። እኔም የባንክ ጸሐፊ ነኝና ቃሉን የማውቀው ከብድር ማመልከቻ ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው የዳንግላ አናጢ በመስኮቴ ፊት ቆመው፣ ለዓመታት በርና መስኮት ሠርተው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሊያወጡ ፈረሙ።

«መኪና ነው ጋሼ?» አልኋቸው።

«የለም፤ ጆሮ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ክራር ይመቱ ነበር። የአያታቸው ቤት ሲፈርስ የደረሳቸው አንድ የዋንዛ በር ብቻ ነው፤ ከዚያ በር ሳንቃ ላይ የቤዝ ጊታር ገላ ጠርበው፣ ከሌላ ጠንካራ እንጨት አንገት አበጅተው፣ ቀለም እንኳ ሳይቀቡት አስቀምጠውታል። የቀረው ከአውታሮቹ ሥር የሚቀበረው የማግኔት ጆሮ፣ ማለትም ፒክአፑ፣ ነው። እርሱንም በውጭ አገር የምትኖር እኅታቸው ለጥምቀት ስትመጣ ታመጣላቸዋለች፤ ዋጋውን እዚሁ ይከፍሏታል፤ በቀረው ብር አምፕሊፋየር ከባሕር ዳር ይገዛል። ችግሩ፣ ጉድጓዱ እንደ ጆሮው ቅርጽ የሚለያይ መሆኑ ነው። አንዴ የተቆፈረ ዋንዛ እንደነበረ አይሞላም፤ የአያት በርም ሁለት የለም። «አንተ ታሪክ ታገላብጣለህ፤ የትኛው ይሻለኛል?» ሲሉኝ ያገላበጥሁትን እነሆ ለእናንተም አካፍላለሁ።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። ፒክአፕ ከዚህ የዘለለ ምሥጢር የለውም፤ ማግኔት፣ በዙሪያው በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠቀለለ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ፣ በላዩም የሚርገበገብ የብረት አውታር። «የብረት» በምትለው ቃል ላይ ግን ጥቂት እንቆይ። የበገናችን አውታር የበግ አንጀት ነው፤ የማሲንቋችን የፈረስ ጭራ። ጥር 23 ቀን ሜዳው በፈረሰኛ በሚጥለቀለቅበት በአዊ ምድር የፈረስ ጭራ ሲያዜም የማይሰማ ጆሮ የለም፤ ማግኔት ግን ለጭራም ለአንጀትም ደንቆሮ ነው። ክራርም ከዚህ ጆሮ ጋር ይነጋገር ዘንድ ጅማቱን ጥሎ የብረት ክር መልበስ ነበረበት።

ጆርጅ ቦሻምፕና አዶልፍ ሪከንባከር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይህን ጆሮ ጭን ላይ ተጋድሞ ለሚመታ ጊታር ሰጡት፤ መሣሪያው በመልኩ ምክንያት «መጥበሻው» ተባለ። ፖል ቱትማርክ የተባለ የሲያትል ሰው በ1930ዎቹ አጋማሽ ለቤዝ ቢሞክረውም ገበያ አልቀናውም። የቀናው የካሊፎርኒያው ሬድዮ ጠጋኝ ሊዮ ፌንደር ነው። በ1951 ያወጣው ቤዝ፣ ሰው የሚያህለውን ቋሚ ቤዝ በትከሻ በሚንጠለጠል ሳንቃ ተካው፤ አንገቱ ላይ በተደረደሩት የብረት ዘንጎች የተነሣም ጣት ድምፁን ስለማይስት «ፕሪሲዥን»፣ ማለት «ትክክለኛው»፣ ብሎ ሰየመው። ጆሮው አንድ ነጠላ ጥቅልል ነበር። በ1957 ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ግማሽ ከሁለቱ ወፍራም አውታሮች፣ ሌላው ከሁለቱ ቀጫጭኖች ሥር። በ1960 ደግሞ «ጃዝ ቤዝ» ሁለት ሙሉ ጆሮዎች ይዞ መጣ፤ ወደ አንገቱ የቀረበው ጥልቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ወደ ድልድዩ የተጠጋው ጥርት ያለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የነሐስ መሣሪያ የነገሠባቸው ትላልቅ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ቦታቸውን በ1970ዎቹ ለትንንሽ የሆቴል ባንዶች እየለቀቁ ሄዱ። ባንዱ ባነሰ ቁጥር ቤዙ ይበዛበታል። በሂልተን ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ቤዝ የመታው መላከ ገብሬ ነው፤ ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱም እርሱ ነው። በአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም በሮሃ፣ ጆቫኒ ሪኮ ነበር። በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እረ መላ መላ»ን ሲቀርጹ ቤዙ ጆቫኒ እጅ ነበር። እኔ ይህን ሥራ ስሰማ ቤዙ ከዘፋኙ ሥር እንደ ወለል የተነጠፈ አይመስለኝም፤ አፍ ያለው፣ ተቀበል የሚባል ጓደኛ ነው። ጋሼም ከዋንዛቸው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

እኔ እንግዲህ ለጃዝ ቤዙ ተሟገትሁ። ግጥም እሞክራለሁና ሁለት ድምፅ ያለው ነገር ያሳሳኛል። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «አንዱን ስዘጋውስ?» አሉ። ክርክሬ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ነጠላ ጥቅልል የአውታሩን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውን የመብራት መስመር ጉምጉምታ ሁሉ ይሰማል። ሁለት ጥቅልሎች ግን ሽቦአቸውም ማግኔታቸውም ተቃራኒ ሆኖ ሲገናኙ ጉምጉምታው እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የአውታሩ ድምፅ ይደመራል። ጃዝ ቤዙ ይህን የሚያደርገው ሁለቱም ጆሮዎች እኩል ሲከፈቱ ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ጉምጉምታው ይመለሳል። የ1957ቱ ክፍል ጆሮ ግን ምንጊዜም ጥንድ ነው።

በአገራችን ጉዳዩ ከአሜሪካ ይብሳል ብዬ አምናለሁ። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእነርሱ 60። የቤዝ ወፍራሙ አውታር ኢ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ኤ 55 ጊዜ፤ በመካከላቸው ያለው ጂ 49 ጊዜ። ጉምጉምታው እንግዲህ ከጂ በአንድ ርግብግብታ ብቻ ርቆ ይቆምና ኖታው የተበረዘ ያስመስለዋል። በዚህ ላይ የሠርግ ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ መሬት ያልነካ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ! በገናም ይነዝራል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ንዝረት በአውታሩና በድጋፉ መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ታስቦ የተጋበዘ ነው፤ ይህኛው ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ነው።

ጋሼ እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው ላይ አንሥተው ለካ፣ ለካ አደረጉ። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» የሚለው የሙያቸው ተረት ነውና በዚያ ሳምንት አሥር ጊዜ ሳይለኩ አልቀሩም። የተከፈለውን ጆሮ ቅርጽ ሳሉ፣ መሮአቸውን አነሡ። የድልድዩ ጥርት ያለ ድምፅ እንደ ቀረብን እያወቅሁ መጋዝ ብናኙን ጠረግሁላቸው፤ እስካሁንም ትንሽ ይቆጨኛል።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ዳንግላ ወርጄ ጋሼ ሱቅ ገባሁ። ገመዱን ሰኩ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈቱ። ምንም አልተሰማም። ሁለታችንም አንድ ላይ ቀና ብለን አምፖሉን አየን፤ መብራት የጠፋ መስሎን። አምፖሉ በርቷል። ከዚያ ጋሼ በአውራ ጣታቸው ወፍራሙን አውታር ነኩት፤ በመደርደሪያው ላይ የነበሩት ምስማሮች ሁሉ በየጣሳቸው ተንቀጠቀጡ።