ሥራ የፈታች መርከብ

ሰው ለወራት በባህር ላይ የሚንሸራሸርበት ጉዞ ዛሬ የቅንጦት ምልክት ነው። አጀማመሩ ግን ሌላ ነበር፤ መርከቧ ሥራ ፈትታ ገንዘብ እንዳትበላ ተብሎ።

አልበርት ባሊን በሃምቡርግ ያደገው ስደተኞችን ወደ አሜሪካ ከሚያሳፍር ቤተሰብ ነው። በኋላ ከከተማዋ ትልቅ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊዎች አንዱ ሆነ። በክረምት አትላንቲክ ይናወጣል፤ ባለገንዘብ መንገደኛም ይጠፋል። ስለዚህ በጥር 1891 እ.ኤ.አ. «አውጉስታ ቪክቶሪያ»ን 241 ሰው አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ላካት፤ እሱም ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሄደ። ብዙዎች እብደት ነው ብለውት ነበር። ጉዞው 57 ቀን ፈጀ።

መርከቧ ላይ ምቾት አልጎደለም። ጃፋ ሲደርሱ ግን ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ አልነበረም። ኢየሩሳሌምን ማየት የፈለገ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢከብር፣ በአለቶቹ መሃል በሚቀዝፉ የአገሬው ጀልበኞች ክንድ ላይ ወደቀ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ።

እኔን የሚገርመኝ መርከቧ ያው መሆኗ ነው። ወደ ኒውዮርክ ስትመላለስ ከታችኛው ወለል ስደተኞች ታጭቀውባታል፤ እነሱ የሚሄዱት ምርጫ አጥተው ነው። በ1900 ኩባንያው ለሽርሽር ብቻ የተሠራችውን «ፕሪንዜሲን ቪክቶሪያ ሉይዘ»ን ወደ ባህር አወረደ። ሁሉም ክፍሎቿ አንደኛ ማዕረግ ነበሩ፤ ለስደተኛ የሚሆን ቦታ በዕቅዷም ላይ አልነበረም።