ማዳበሪያችን ከመጋዘን ወጥቶ የት ደረሰ?

በዓል ሲመጣ ያለፈው ሥራ ይቆጠራል። እኔም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንደመሆኔ በየዓመቱ የተሠራጨውን ማዳበሪያ በኩንታል እየቆጠርኩ ሪፖርት አደርጋለሁ። ስንቱ ለሰብሉ እንደዋለ፣ ስንቱ ጎርፍ እንደወሰደው የሚጻፍበት ቦታ ግን በቅጻችን ላይ የለም። ይህ ክፍተት ታሪክ አለው።

ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሐበር ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ፋብሪካው በ1913 ሥራ ጀመረ። በአገራችን ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ማሳ መግባት የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በ1967 በጭላሎ የተቋቋመው ካዱ አንዱ ፈር ቀዳጅ ነበር። በ1990ዎቹ ኤክስቴንሽን ሲስፋፋ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለው ምክር በየቀበሌው ተዳረሰ። ዳፕ በመቶ 18፣ ዩሪያ በመቶ 46 ናይትሮጅን ስላላቸው ድምሩ 64 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ደግሞ ዩኒየኖች በሥርጭቱ ትልቅ ድርሻ ያዙ። ምርትም ጨመረ። ሁላችንም የምንለካው ግን ከመጋዘን የወጣውን ነበር።

ዩሪያ አፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬትን አፈር አጥብቆ አይዝም፤ በውኃ ሟሙቶ ይሄዳል። የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ የቡቃያው ሥር ገና አጭር ስለሆነ ሳይደርስበት ያመልጠዋል። ተዳፋት ላይ ከሆነ አፈሩም አብሮ ይታጠባል። ወንዝ ሲገባ አልጌና አረም ይመግባል፤ እነዚህ ሲበሰብሱ የዓሣውን አየር ይጨርሳሉ። በመጠጥ ውኃ ውስጥ ሲበዛም በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናትን ይጎዳል።

በኅብረት ሥራ የምትታወቀው ዴንማርክ ይህን የተማረችው ዘግይታ ነው። በ1986 ባሕሯ ውስጥ ሕይወት ሲያልቅ ሕዝቡ ደነገጠ። በ1987 ፓርላማዋ ወደ ውኃ የሚገባውን ናይትሮጅን በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አጸደቀ። ግቡ ላይ ለመቅረብ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ።

እኛ በሄክታር የምንጨምረው ማዳበሪያ ከእነርሱ ያነሰ ነው። ቢሆንም በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሚመገበው ከማሳ ታጥቦ የሚወርደውን አፈርና ንጥረ ነገር፣ ከከተማ የሚወጣውንም ፍሳሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው።

ማዳበሪያ እንተው አላልኩም። ዩሪያውን ከፋፍለን፣ ከፊሉን ስንዘራ፣ ቀሪውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ስንዴውም ከታረመ በኋላ እንስጥ። ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አንበትን። እርከናችንን እንጠግን፤ የወንዙን ዳር ሳናርስ ሣር እናብቅልበት። የሥራ ኃላፊዎችም ከተሠራጨው ኩንታል ጎን በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ የተገኘውን ምርት ጠይቁን። ወንዝ የገባው ዩሪያ ገበሬው ዕዳ የገባበት ገንዘብ ነው፤ የፈሰሰ ውኃ ደግሞ አይታፈስም።

መልካም በዓል!