በዎልታም ያለው የጥጥ ፋብሪካ

በአሜሪካ አገር፣ ከቦስተን አጠገብ ባለችው በዎልታም፣ በቻርልስ ወንዝ ዳር በጡብ የተሠራ አሮጌ የጥጥ ፋብሪካ ይገኛል። ያቋቋመው ፍራንሲስ ካቦት ሎውል የሚባል ነጋዴ ነው። ይህ ሰው እንግሊዝ አገር ሄዶ ያለ ሰው ጉልበት የሚሸምነውን መኪና ተመለከተ። እንግሊዞች ንድፉ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ከልክለው ነበርና ያየውን ሁሉ በልቡ ይዞ ተመለሰ፤ ፖል ሙዲ ከሚባል ባለእጅ ጋር ሆኖም መኪናውን ሠራ። በ1814 ዓ.ም. (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጥጡ ከመፈተል እስከ መሸመን በአንድ ጣራ ሥር ይሠራ ጀመር።

የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ሎውልን አመስግነው ያልፋሉ። እኔ ግን በማስተምርበት ዘመን፣ «በመኪናው ፊት የቆመውስ ማን ነበረ?» እያልሁ ተማሪዎቼን እጠይቅ ነበር። የቆሙትማ ከገበሬ ቤት የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ በቀን 12 ሰዓት ያህል ይሠሩ ነበር። ማደሪያና የገንዘብ ደመወዝ ያገኙ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ጉልበታቸው ሲደክም ግን ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረም።

ኩባንያው በ1930 ተዘጋ። ሕንጻው በ1977 በብሔራዊ የታሪክ ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዛሬ ከፊሉ የኢንዱስትሪ ሙዚየም፣ ከፊሉም የአረጋውያን መኖሪያ ነው።

ሎውል በ1817 ሞተ፤ ከሞተም በኋላ ስሙ ለአንዲት የፋብሪካ ከተማ ተሰጠ። ለልጃገረዶቹ መታሰቢያ ምረጥ ብባል ግን፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከሐውልት ይልቅ ይህን ቤት እመርጣለሁ፤ ሽማግሌና አሮጊት ማታ መብራት አብርተው በሰላም ያድሩበታልና።