ስለ አጠያየቅ ሥርዓት

አንባብያን ሆይ፤ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው የአበው ብሂል ለሁላችሁም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አጠያየቅም የራሱ ሥርዓት አለውና፤ በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ ይህ ሥርዓት እንዴት እንደ ተወለደ መመርመር ይገባል። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1979 በአሜሪካ፤ በሰሜን ካሮላይና፤ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኮምፒዩተሮች በስልክ መስመር መልእክት የሚለዋወጡበትን ዘዴ አሰቡ። ዩዝኔት የተባለው ይህ መረብ በ1980 ሥራውን ጀመረ። በዚያም ያላወቀ ይጠይቃል፤ ያወቀም ያለ ደመወዝ ይመልሳል።

ነገር ግን በየዓመቱ መስከረም ላይ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር አዳዲስ ተማሪዎች እየመጡ፤ ትናንት የተመለሰውን ዛሬ መልሰው ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ ነባሮቹ ተደጋጋሚዎቹን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ሰብስበው በየጊዜው ያወጡ ጀመር። በ1993 እና በ1994 የንግድ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው በሩን ሲከፍቱ ግን የእንግዳው ጎርፍ ወር የማይጠብቅ ሆነ፤ ዘመኑም «ማብቂያ የሌለው መስከረም» ተባለ።

ከዚህ በኋላ ሥርዓቱ በጽሑፍ ጸና። ሳሊ ሃምብሪጅ በ1995 ያዘጋጁት መመሪያ፤ መጤው ከመጻፉ በፊት አንድ ወይም ሁለት ወር የሌሎቹን ጽሑፍ እንዲያነብ መከረ። በ2001 ደግሞ ኤሪክ ሬይመንድና ሪክ ሞኤን ስለ ብልኅ አጠያየቅ ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። ምክራቸውም ይህ ነው፤ አስቀድመህ ራስህ ፈልግ፤ ግምትህን ሳይሆን ያየኸውን ምልክት ግለጽ፤ የሞከርኸውን ዘርዝር፤ መፍትሔው ሲገኝም ለሌሎች አሳውቅ። መላሹ መሣሪያህን አያየውምና፤ «አልሠራ አለኝ» ብቻ ማለት ለሐኪም «ታመምሁ» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው።

ሆኖም ለሥራ የተሠራ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ መጤውን መምቻ በትር ሆነ። በ2008 የተመሠረተው ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራም ጸሐፊዎች መጠያየቂያ፤ ለአዲስ መጤዎች ደግ አለመሆኑን ኀላፊዎቹ በ2018 በይፋ አመኑ፤ በዚያው ዓመትም የጠባይ ደንብ አወጡ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ ጠያቂ የመላሹን ጊዜ ያክብር፤ መላሽም እርሱ ራሱ አንድ ቀን መጤ እንደ ነበረ አይርሳ። ጀማሪ አፍሮ ከሸሸ፤ ነገ ለሌላው የሚመልስ አይገኝምና።