በየብስ ላይ የወጣው የባሕር ወለል

በ2017 ዓ.ል. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ በተንቀጠቀጠች ጊዜ ንዝረቱ እኛ ዘንድ መርካቶ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ያኔ ከሰላት በኋላ ወንድሞች እየጠበቁ «ኡስታዝ፣ ይህ በማን ላይ የመጣ ቅጣት ነው?» ይሉን ነበር። መልሱን ከታሪክ እንጀምር።

በውቅያኖሶች ወለል ላይ 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የተራራ ሰንሰለት አለ። ምድር እዚያ ላይ ትሰነጠቃለች፤ ከሥር የቀለጠ ዐለት ይወጣና ሲቀዘቅዝ አዲስ ወለል ይሆናል። ማሪ ታርፕ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአትላንቲክን ወለል በካርታ ስታሰፍር በሰንሰለቱ አናት ላይ ሸለቆ አገኘች። ባልደረባዋ መጀመሪያ አልተቀበላትም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻዎች በዚያው ሸለቆ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ግን አመነ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ ተመራማሪዎች 2,500 ሜትር ያህል ጠልቀው የፀሐይ ብርሃን በማያውቀው ጨለማ ውስጥ፣ በፍል ውሃ ዙሪያ የሚኖሩ ፍጡራን አገኙ። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች አፍም አንጀትም የሌላቸው ረጃጅም ትሎች ይኖራሉ። በሰውነታቸው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከፍል ውሃው ከሚወጣው የድኝ ጋዝ ኃይል አግኝተው ይመግቧቸዋል። ሱብሓነላህ! ሪዝቁ የማይደርስበት ጥልቀት የለም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሶሃቦች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ነጃሺ ሲሰደዱ የተሻገሩት ቀይ ባሕር ወለሉ ዛሬም እየሰፋ ነው። ያ ስንጥቅ በአፋር ወደ የብስ ይወጣል። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት የአፋር አሞሌ እንኳ የጥንት ባሕር ደርቆ የተወው ጨው ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ል. በዳባሁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምድር በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ተራራቀች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሄደው አጠኑት። መለያየቱ በአማካይ በዓመት ከ2 ሳንቲ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ያ ሁሉ የብዙ መቶ ዓመታት ክምችት ነበር።

ታዲያ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች በእርሱ ሞት ምክንያት ነው አሉ። ነብያችን ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ብለው እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ሰላትና ዱዓ እንዲያደርጉም አዘዙ። በራሳቸው ልጅ ያልፈቀዱትን እኛ በወገናችን ላይ እንዴት እንፈርዳለን? በዚያ መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሞ ወገኖቻችን ከቀዬያቸው ተፈናቅለዋል። ለተፈናቀለ ሰው ከፍርዳችን በፊት ብርድ ልብስና ዱቄት ይቀድመዋል። ፎቅ የሚገነባ ነጋዴ ደግሞ ከብረቱና ከሲሚንቶው አይቀንስ፤ የሰው ነፍስ አማና ነውና።

አላህ አገራችንን ይጠብቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም።